የተዋስኳቸው ሙታን

በዚያ የአስመራ እስር ቤት ክፍል አራት ነበርን። ስም አልጽፍም፤ ምክንያቱን የሚያነብ ሰው ወደ ታች ይደርስበታል። እያንዳንዱን ግን በሥራውና በተቀመጠበት ቦታ ልጠቁም።

ከበሩ በስተግራ የቃሓውታ ሰፈሩ መካኒክ ነበር። ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ፣ ጥፍሮቹ ሥር የገባው ዘይት በአራት ወር እስር ያልለቀቀ። እሱ የጠገናት አንዲት የጭነት መኪና ከከረን መንገድ ወጣ ብላ ባዶዋን ቆማ በመገኘቷ ነው የተያዘው። ከእሱ ቀጥሎ፣ በመስኮቱ ሥር፣ ከወሎ መጥቶ በገበያ የእጅ ባትሪና የላስቲክ ጫማ የሚሸጥ ነጋዴ። ሐጂ እንለው ነበር። መካ ሄዶ አያውቅም፤ «ምጽዋ ድረስ ወርጃለሁ፣ የቀረው ውኃ ነው» ይል ነበር። ለማያውቀው ሰው በአንድ ቀን ብዙ ባትሪ በመሸጡ፣ ለሸማቂዎች አቀበልክ ተብሎ ታሰረ። በስተቀኝ ጥግ ላይ የጂኦግራፊ መምህሩ። ክፍል ውስጥ የተናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያመጣው፤ የትኛው ዓረፍተ ነገር እንደሆነ ግን አልነገሩትም። አራተኛው እኔ ነኝ፤ የመጨረሻ መጪ ስለነበርኩ ቦታዬ ከባልዲው አጠገብ ነበር።

ክፍሉ ርዝመቱ አምስት እርምጃ፣ ወርዱ ሦስት ተኩል ነው። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ ኖራ ነው። ከበሩ በላይ ጣልያኖቹ የተዉት «መሬት ላይ መትፋት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ በቋንቋቸው ይነበባል። ከሥሩ አንድ ሰው በሹል ነገር ፍቆ በትግርኛ «ሕራይ» ብሎ መልሶለታል፤ እሺ ማለት ነው። መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነበር።

የተያዝኩት ማክሰኞ ጠዋት፣ ከሥራ ቦታዬ ነው። ያኔ ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር፤ እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቁሜ በአንድ የመኪና መለዋወጫ መደብር እሠራ ነበር። ሁለት ሰዎች እንደ ማንኛውም ደንበኛ ገብተው ስለ ፍሬን ሸራ ጠየቁኝ። ለየትኛው መኪና እንደሆነ ስጠይቃቸው አንዱ ባንኮኒው ላይ የነበረውን ደብተሬን አነሳና ያንተ ነው ወይ አለኝ። እወ አልኩ። ለአለቃዬ እንድነግር እንኳ ጊዜ አልሰጡኝም። ማን እንደጠቆመ እስከ ዛሬ አላውቅም። ደብተሩን ደብቄው ስለማላውቅ ማንም ሊሆን ይችላል።

ስለ ደብተሩ መናገር አለብኝ።

በመደብሩ ውስጥ እያንዳንዱ ዕቃ ካርድ አለው። ካርዱ ላይ የዕቃው ስም፣ ለምን እንደሚያገለግል፣ ከየት እንደመጣና ማን እንዳመጣው ይጻፋል። አለቃዬ ይህን አሠራር የተማረው ከድሮ ጣልያን አለቃው ነው። የተበላሸ ዕቃ ሲመለስ ካርዱን አይተን ያመጣውን ሰው እንጠይቃለን። ባንኮኒው ላይ ቀኑን ሙሉ ትግርኛ፣ ጣልያንኛ፣ ዐረብኛ፣ አማርኛ እሰማለሁ፤ አንድ ዓይነት ድምፅ ከአንዱ ሰው አፍ አንድ ነገር፣ ከሌላው አፍ ሌላ ነገር ሆኖ ሲወጣ ይገርመኝ ጀመር። መጻፍ ስጀምር ከካርዱ ሌላ ዘዴ አላውቅም ነበር። ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ገጽ ሰጠሁ፤ በየመስመሩ ቋንቋው፣ ትርጉሙ፣ በመጨረሻው ዓምድ ደግሞ የነገረኝ ሰው። ማን እንዳመጣው ያልተጻፈለት ቃል ዋስትና የለውም ብዬ አምን ነበር። ዓምዱ ጠባብ ስለነበር ሙሉ ስም አይገባም። የሰውየውን ስም የመጀመሪያ ፊደል፣ አጠገቡ የሰፈሩን የመጀመሪያ ፊደል እጽፋለሁ።

ከገጾቹ ሁሉ የምወደው የካራ ገጽ ነበር። ካራ በእናቴ ትግርኛ ቢላዋ ነው። በጣልያንኛ ውድ ማለት ነው፣ ለሴት ሲነገር፤ ይህን የነገረኝ አንድ መካኒክ ነው። በአማርኛም ቢላዋ ነው፤ ከአማርኛ መምህሬ። ከወሎ የመጣ አንድ ጫማ ሰፊ በኦሮምኛ መንገድ ነው አለኝ። በፓራዲዞ ሰፈር የምትኖር አንዲት ልብስ ሰፊ ደግሞ፣ ቤተሰቦቿ በምጽዋ የቱርክ ዘመን ተወላጆች ነን የሚሉ፣ በቱርክኛ ጥቁር እንደሆነ ከአያቷ ሰምታለች። አምስት መስመር፣ አምስት ሰው። ሁሉም የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን ለማሳየት ሁለት ወር ታግያለሁ። ቢላዋ ቁጥቋጦ ይመነጥራል፣ የተመነጠረው መንገድ ይሆናል፣ እስከዚህ ደረስኩ። ጥቁሩና ውዱ ግን አልገባ አሉኝ።

የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በምን እንደመጣሁ ሲጠይቁኝ ይህንኑ አወራኋቸው። በሐጂ ምክንያት በአማርኛ ነበር የምንነጋገረው፤ ትግርኛ ይሰማል እንጂ አይናገርም። መካኒኩ አማርኛውን ከጉሮሮ በሚወጡት የትግርኛ «ሐ» እና «ዐ» እየሞረደ ነው የሚያወጣው። እኔ አንቱ ስለው ከልክሎኛል። ለአራት ሰው አንድ ባልዲ ባለበት ክፍል አንቱታ አይሠራም አለ። ቢሆንም ታላቅ ወንድም እንደሚጠራ ኣያ እለው ነበር።

መምህሩ ስለ ካራ የነገርኩትን በጥሞና ሰማኝ። ከዚያ፣ እንዳላዝን እየተጠነቀቀ፣ ድካሜ ከንቱ መሆኑን አስረዳኝ። የሰው አፍ የሚያወጣው ድምፅ ጥቂት ነው፣ ቋንቋው ብዙ ነው፣ አጫጭር ቃላት በአጋጣሚ ይገጥማሉ። ጣልያኑ ቃሉን ከላቲን ወረሰ፤ ቱርኩ ከሩቅ ምሥራቅ ይዞት መጣ፤ አንዱ ስለ ሌላው አያውቅም። የትግርኛውና የአማርኛው ቢላዋ ብቻ አንድ ነው፤ የቀሩት ስለገጠሙ አልተዛመዱም። ሐጂ መንገድ የሚለውን አረጋገጠልኝ፤ በከሚሴ በኩል እንደዚያ ይላሉ አለ። መካኒኩ ሲያዳምጥ ቆይቶ የመለዋወጫው መደብር ልጅ መሆኔን አወቀና ሳቀ። እኔም ደስ አለኝ። እሱ በደብተሬ ውስጥ እንዳለ አስታውሼ ነበር፤ ይህ ግን የሚያስደስት እንጂ የሚያስፈራ ነገር አልመሰለኝም።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ፎቅ ወሰዱኝ። ከጠረጴዛው ኋላ አንድ ሻምበል፣ በመስኮቱ በኩል የጽሕፈት መኪና ፊት የተቀመጠ ጸሐፊ። ሻምበሉ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ ሰው ነበር። ደብተሩን የካራ ገጽ ላይ ከፍቶ ትርጉሞቹን ብቻ ቀስ ብሎ አነበበ። ቢላዋ። ውድ። ቢላዋ። መንገድ። ጥቁር። ቢላዋው ለማን እንደተዘጋጀና የትኛው መንገድ እንደሆነ ጠየቀኝ።

ሌሊቱን በልቤ ያጠናሁትን ማስረዳት ጀመርኩ። አላቋረጠኝም። መሐል ላይ አንዴ ብቻ እጁን አነሳ።

«አማርኛ ለምን ሦስተኛ ሆነ?»

«በሰማሁበት ተራ ነው ጌታዬ።»

«ትግርኛ አንደኛ።»

«ከእናቴ ስለሰማሁት።»

«ጣልያንኛም ሁለተኛ።»

ጸሐፊው ይህን ሁሉ እየጻፈ ነበር፤ ዝምታዬንም የጻፈው ይመስለኛል።

ሻምበሉ የጣልያንኛ መዝገበ ቃላት አስመጣ። ራሱ ገልጦ ፈለገና ቃሉን አገኘው። ውድ፣ ተወዳጅ። ራሱን ነቀነቀ። ምስጢራዊ ቋንቋ አለመሆኑን፣ እኔ የቃል ሰብሳቢ እንጂ ሌላ አለመሆኔን ተረዳ፤ በግልጽ ነገረኝም። ከትከሻዬ ላይ ሸክም የወረደ መሰለኝ። ወደ ሥራዬ ከምሳ በፊት እመለስ ይሆን ብዬ እያሰብኩ ሳለ ጣቱን በመጨረሻው ዓምድ ላይ አደረገ።

«ይህን ዓምድ አስረዳኝ።»

አስረዳሁት። እዚህ ላይ ራሴን መከላከል አልፈልግም። ስለ አሠራሬ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። እናቴ ጠይቃኝ አታውቅም፣ አለቃዬ ጠይቆኝ አያውቅም። የመጀመሪያው ፊደል የሰውየው ስም ነው፣ ሁለተኛው ሰፈሩ፣ አንድም ቃል ያለ ነጋሪ አልጻፍኩም አልኩት። ይህን ያልኩት በኩራት ነው። ዓረፍተ ነገሩን ከጨረስኩ በኋላ ነው ያደረግሁትን ያወቅሁት።

ሻምበሉ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ከደብተሩ ወደ ወረቀት አስገለበጠ። አሥራ አንድ ሰው ሆኑ። ስማቸውን እስከ ዓርብ ታስታውሳለህ አለኝ። ቋንቋው እንግዲህ ገብቶታል፤ ቋንቋው ድሮም አላሳሰበውም።

ከእነዚያ አሥራ አንድ ጥንድ ፊደሎች አንዱ «ተ. ቃ.» ነው። ስሙ በተ የሚጀምር የቃሓውታ ሰው፣ ከሻምበሉ ቢሮ ሠላሳ ሁለት ደረጃ ወርዶ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። መኪናዋን ለማን እንደጠገነ አራት ወር ሲጠይቁት አራት ወር አላውቅም ብሏል። ከእኔ ጋር የሚያገናኘው አንድ ፊደል ቢያገኙ እንደ አዲስ ይጀምራሉ። ሻምበሉ ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን አላደረጋቸውም ነበር። ዓርብ እኔ ዝም ካልኩ ግን ያደርጋቸዋል፤ ሰው ዝም ሲለው ነው ማሰብ የሚጀምረው።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ምሳ መጥቶ ነበር። ከጎዳይፍ ሰፈር እናቴ የላከችው ቅርጫት በሩ ላይ ተፈትሾ ደርሷል። እንጀራው በጣት ተበሳስቷል፤ የሻሂው ፔርሙስ ግማሽ ሆኗል። ማንም አልነካውም፤ ይጠብቁኝ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። መካኒኩ እጁን ከቅርጫቱ መለሰ።

«ስንት ሰው ጻፍክ?»

«አሥራ አንድ።»

«የማውቀው አለበት?»

መልስ ለመስጠት ዘገየሁ። መዘግየቴ በቃው።

«አንታ» አለ፣ ድምፁን ሳይጨምር፣ «እኔ ብሎን ልገዛ ነው የመጣሁት። ልመዘገብ አልመጣሁም።»

ይቅርታ እየጠየቅሁ ስለ ዓምዱ፣ ስለ ካርዱ፣ ቃል ያለ ነጋሪ ዋስትና እንደሌለው ማስረዳት ጀመርኩ። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ሰውየው ስለ ሕይወቱ ሲያስብ እኔ ስለ ዓምድ እነግረው ነበር። እስኪበቃው ሰማኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ትናንት መምህሩ ምን አለህ? ስለገጠሙ አልተዛመዱም አላለህም? ሂድና ለሻምበሉ ይህን ንገረው። አንድ ገጽ ላይ ስለተጻፉ ዘመድ አይደሉም በለው።»

ከዚያ በኋላ ምሳውን ሳይበላ ወደ ግድግዳው እንደዞረ ዋለ። አንድ ስህተት ብሠራ ይሻለኝ ነበር፤ ስህተት ይታረማል። ደብተሩ ውስጥ ግን ስህተት አልነበረበትም። ሁሉም ፊደል ልክ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ፊደል እንዳይሳሳት የደከምኩበት ነገር፣ ልክ በመሆኑ ብቻ፣ አሥራ አንድ ሰው ሊያስይዝ ሆነ። በዚህ የምናደድበት ሰው አጣሁ። ሻምበሉ ላይ መናደድ ፈለግሁ፤ እሱ ግን ያሳየሁትን ነው ያነበበው።

መጀመሪያ የተናገረው ሐጂ ነው። ሐሙስ ጠዋት፣ ፊታችንን ታጥበን ስንገባ።

«አብሽር። ሙት አይታሰርም። ለእያንዳንዱ ፊደል ሙት ፈልግለት።»

መምህሩ ቀና አለ። እኔ ግን አልወደድኩትም። የሞተ ሰው ያልነገረኝን ቃል ነገረኝ ማለት የሐሰት ካርድ መጻፍ ነው አልኩ። መካኒኩ፣ ከትናንት ምሳ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑን አልመለሰም። ከዚያ በኋላ ስለ ሐሰት ካርድ አላወራሁም።

ሐጂ ወዲያው አባቱን ሰጠኝ። የጫማ ሰፊው ፊደል ሰ ነው፤ የአባቱም ስም በሰ ይጀምራል። ደስ ብሎን ልናልፍ ስንል መምህሩ አስቆመን። የሐጂ አባት ስም የሐጂ ራሱ ሁለተኛ ስም ነው፤ ሻምበሉ የእስረኞችን መዝገብ ቢገልጥ እዚሁ ክፍል የታሰረው ሰውዬ አባት ሆኖ ያገኘዋል። አባት አይሆንም፣ ወንድም አይሆንም፣ የአባት ወንድም አይሆንም። ከእናት ወገን ብቻ፤ ወይም በጋብቻ። ባልና ሚስት በስም አይገናኙም፣ እያንዳንዱ በአባቱ ነው የሚጠራው። ሐጂ አባቱን መልሶ ወሰደና የእናቱን ወንድም ሰጠኝ። እሱም በሰ ይጀምር ነበር።

«አስመራን ረግጦ ያውቃል?» አልኩት። ሁለተኛው ፊደል ገ ነው፣ ገዛ ብርሃኑ የሚባለው የአስመራ ሰፈር።

«መምጣት ይፈልግ ነበር። ዓይኑ ነው የከለከለው። ዘመድ ሊጠይቅ መጥቶ፣ እዚያ ሰንብቶ፣ አገሩ ተመልሶ አረፈ በል።»

እንዲህ እያልን ቀኑን ሙሉ ሠራን። እኔ ሥራዬን ጀመርኩ፣ ማለትም ማስቸገር። ሰውየው መቼ ሞተ፣ በምን፣ የት ተቀበረ፣ እኔ የት አገኘሁት። ደብተሩን ከመጀመሬ በፊት የሞተ ከሆነ ቃሉን በልጅነቴ ሰምቼ ኋላ ነው የጻፍኩት እላለሁ። ቃሉን የሰማሁበትን ቀን አለመጻፌ ሁልጊዜ ይቆጨኝ ነበር፤ ያን ቀን ተደሰትኩበት። ጥያቄዬ ሲበዛ ሐጂ፣ ወላሂ ቀባሪዎቹም እንዲህ አልጠየቁኝም አለ።

ወደ ከሰዓት ግድም ከበሩ በኩል ድምፅ መጣ።

«በኔ ፊደል የሚስቴ ወንድም አለ» አለ መካኒኩ። «ከኔ ቤት ኖሮ ነው የሞተው። ቃሓውታ። ሳንባው ነው።»

«ጣልያንኛ ያውቅ ነበር?»

«ኣይፋልን።»

«እንግዲያ ይህ ቃል …»

«አሁን ያውቃል» አለ መካኒኩ። «ጻፈው።»

ሐጂ ሳቀ። መምህሩም ሳቀ። መካኒኩ አልሳቀም፤ ግን ተነስቶ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ከቅርጫቱም በላ። ስለ ሚስቱ ወንድም ጥቂት ነገሮች ነገረኝ። ቀያይ ነገር እንደሚወድ፣ ፌርማታ ላይ ቆሞ የሚያልፉትን አውቶቡሶች መቁጠር ልማዱ እንደነበር። ለሻምበሉ የሚጠቅም አልነበረም። ቢሆንም ያዝኩት።

የመጨረሻዋ የፓራዲዞዋ ልብስ ሰፊ ነበረች። በእሷ ፊደል የሚጀምር ሙት ከሐጂም ከመካኒኩም አልተገኘም። ጎረቤት ፈለግን፣ የክርስትና እናት ፈለግን፤ አጣን። የመምህሩ ሚስት መሞቷን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስሟን ግን ሲጠራ ሰምተን አናውቅም። በመጨረሻ ጠራው። ትክክለኛው ፊደል ነበር።

«ቃሏ የትኛው ነው?» አለኝ።

«ካራ። በቱርክኛ፣ ጥቁር።»

«ጠይም ነበረች» አለ። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ የሚያስፈልገኝን ሁሉ፣ ሳልጠይቀው፣ ነገረኝ፦ ቀኑን፣ ሕመሙን፣ የተቀበረችበትን ቤተ ክርስቲያን። እኔን እንደሚያውቀኝ ሰው እየተጠነቀቀ፣ አንድም ዝርዝር ሳይቀር።

የቐንየለይ አልኩት። በአማርኛ አመሰግናለሁ ማለት አልቻልኩም፤ ያነሰ መሰለኝ።

ዓርብ ጠዋት ጸሐፊው አዲስ ወረቀት አስገብቶ ጠበቀኝ። ሻምበሉ ፊደሎቹን ጠራ፣ እኔ ስሞቹን መለስኩ። እናቴንና አማርኛ መምህሬን በእውነት ተናገርኩ። እናቴ በየቀኑ በር ላይ ትቆማለች፣ ልሰውራት አልችልም። መምህሬ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ካስተማረኝ ሌላ ጥፋት የለበትም። የቀሩትን ዘጠኙን፣ ከነሕመማቸውና ከነመቃብራቸው፣ ሳልደናቀፍ ተናገርኩ። «ተ. ቃ.» ሲል የመካኒኩን ሚስት ወንድም ሰጠሁት። የጽሕፈት መኪናው ሳይቆም አለፈ። አልጋ ላይ ሆኖ በመጨረሻ ቀኖቹ የነገረኝ ቃል ነው አልኩ።

ሻምበሉ ወረቀቱን ወስዶ አነበበው።

«ዘጠኙም ሞተዋል።»

«አዎ ጌታዬ።»

«ቃል የሚነግርህ ሰው ይሞታል ማለት ነው።»

«የምጠይቀው ያረጁትን ስለነበር ነው።»

አላመነኝም። ማመን አልነበረበትም፤ ለእያንዳንዱ ስም ግን አንድ ሰው ወደ አንድ መቃብር መላክ ነበረበት፣ ቢልክም መቃብሩን ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት አልጽፍም። በግራ ጆሮዬ ለሁለት ሳምንት አልሰማሁም ነበር፤ ዛሬም ስልክ በቀኜ ነው የማነሳው።

ሲበቃቸው ወንበር ላይ መልሰው አስቀመጡኝ። ሻምበሉ ደብተሬን ከመሳቢያ አውጥቶ በመካከላችን አኖረው። ድምፁ እንደ መጀመሪያው ቀን ዝቅ ያለ ነበር። አንድ በሕይወት ያለ ሰው ስም ብቻ እንድሰጠው፣ እናቴንና መምህሬን ሳይጨምር፣ ከዚያ ደብተሬን ይዤ መሄድ እንደምችል ነገረኝ። ሥራው የሚደነቅ እንደሆነ፣ እንደዚህ ያለ ልፋት ሜዳ ላይ ሲቀር እንደሚያሳዝነው ጨመረ። ይህን ከልቡ ያለው ይመስለኛል። ከሁሉ የከበደኝም እሱ ነበር።

ደብተሩን አየሁት። ጀርባውን ያጣበቅሁበት ጨርቅ ለቋል። ሁለት ዓመት ነው። ሌላ ቅጂ የለኝም። ውስጡ ያለውን ያህል ደግሜ ለመሰብሰብ ዕድሜ ይበቃኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ደግሞም አሁን ማንም ሰው ቃል ስጠይቀው አፉን አይከፍትልኝም።

«እርስዎ ዘንድ ይቆይ ጌታዬ» አልኩት። «በእርሳስ የተጻፈ ነው። እርጥበት እንዳያገኘው።»

ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝ። ሻምበሉ ደብተሩን ዘግቶ ወደ መሳቢያው መለሰው። መሳቢያው ደረቅ መሆኑን ለማየት አንገቴን እንዳሰገግሁ ትዝ ይለኛል።

መካኒኩ ከሁለት ወር በኋላ ወጣ። ስለ ደብተሩ አንድም ጊዜ አልተጠየቀም። ሲወጣ ሳይዞር ወጣ፤ በእስር ቤት ወግ ወጪ ወደ ኋላ አይዞርም። ግን በሩ ላይ ቆሞ፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ ካራ ሲሉህ ሁለተኛው ትዝ ይበልህ አለኝ። ሁለተኛው መስመር ውድ የሚለው ነው። እኔ ሰባት ወር ቆየሁ። ሐጂና መምህሩ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ፤ ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

ደብተሩ አልተመለሰም። የት እንደሚገኝ ጠይቄ አውቃለሁ፤ ሁለት መንግሥት ሁለት ዓይነት መልስ ሰጠኝ፣ ሁለቱም የለም የሚል ነው። በማስታወስ ሁለተኛ ደብተር ጽፌያለሁ፤ ከመጀመሪያው ሢሶውን ቢሆን ነው። የመጨረሻውን ዓምድ ስጽፍ ሳምንት ቆምኩ። እውነተኞቹ ነጋሪዎች ዛሬ ሁሉም አርፈዋልና ሙሉ ስማቸውን ጻፍኩ፤ ዓምዱንም በዚሁ ምክንያት አሰፋሁት። እዚህ ጽሑፍ ላይ ግን ስም አላወጣሁም። ልጆቻቸው አሉ፣ ዘመኑም ይለዋወጣል፤ አንዴ በፊደል ያየሁት ይበቃኛል።

የሚያናድደኝ ሌላ ነገር ነው። ያ በጽሕፈት መኪና የተጻፈ ወረቀት የሆነ ቦታ ካለ፣ እንደኔ ያለ አንድ ዝርዝር ወዳጅ ወጣት አንድ ቀን ያገኘዋል። ጣልያንኛ የማያውቅ ሰው ጣልያንኛ ዐዋቂ፣ አስመራን ያላየ ሰው የአስመራ ነዋሪ ሆኖ ያነባቸዋል፣ ያምናልም። ማረም የምችለው እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ በሁለተኛው ደብተር መጨረሻ ገጽ ላይ ዘጠኙን የተዋስኳቸውን ሙታን ለብቻቸው ዘረዘርኩ፦ የማን ዘመድ እንደሆኑ፣ ማን እንዳዋሰኝ፣ በእውነት የት እንደኖሩ፣ ምንም ቃል እንዳልነገሩኝ። ሰባቱን አስታወስኩ። ሁለቱ ጠፍተውብኛል። አንዱ ከሐጂ እናት ወገን ነው፣ በዘ ወይም በመ የሚጀምር፤ ሌላዋ የመካኒኩ የክርስትና እናት ናት፣ ሰፈሯን እንጂ ስሟን አልያዝኩም።

በዚያ ክፍል የነበራችሁ፣ ወይም የነበሩት ልጆች የሆናችሁ፣ አባታችሁ በሆነ ቀን አንድ ሙት ለአንድ እስረኛ አዋስኩት ብሎ አውርቶላችሁ ከሆነ ጻፉልኝ። ያሳሳትኩትም ካለ አርሙኝ፤ መምህሩ የተቀመጠው በስተቀኝ ነው ያልኩት በስተግራ ሊሆን ይችላል፣ ከዚያ ጊዜ ወዲህ ጆሮዬ ብቻ አይደለም የደከመው። ስማቸው ለጠፋብኝ ለሁለቱ ሙታን ሁለት መስመር ባዶ ትቼላቸዋለሁ። ሙሉ ስም ይበቃል።